ከሲልቨር ስፕሪንግ ሐዲድ ዳር እስከ ቤት መደርደሪያ፦ የአካባቢ ጭነት ባቡርን አይቶ በ1:87 መሥራት

ሞዴል ባቡር የሚጀምር ሰው ብዙውን ጊዜ ክብ ሐዲድ ያለበትን ካርቶን ገዝቶ ወለል ላይ ይዘረጋል። ባቡሩ ይዞራል፣ ደግሞ ይዞራል፤ ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ካርቶኑ ውስጥ ይገባል። የዚህ ምክንያቱ ባቡሩ የሚሠራው ሥራ ስለሌለው ነው። የጭነት ባቡር ሥራው ፉርጎ ማድረስና ፉርጎ ማንሳት ነው፤ ይህን ሥራ ቤት ውስጥ ለመሥራት ደግሞ 2 ሜትር ተኩል የማይሞላ መደርደሪያ ይበቃል። ከመግዛት በፊት ግን ማየት ይቀድማል። እውነተኛው ባቡር ፉርጎውን እንዴት እንደሚያስቀምጥ ያላየ ሰው ሐዲዱን የሚዘረጋው በግምት ነው።

ለምሳሌ የወሰድነው ብዙ አማርኛ ተናጋሪ የሚኖርበትን የዋሽንግተን ዙሪያ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግን፣ ሮክቪልንና ጌተርስበርግን አቋርጦ የሚያልፈው ሐዲድ የሲኤስኤክስ ኩባንያ የሜትሮፖሊታን መስመር ነው። ባልቲሞር ኤንድ ኦሃዮ የተባለው ኩባንያ በ1873 እ.ኤ.አ. ሥራ ያስጀመረው መንገድ ሲሆን ዛሬም የጭነት ባቡሮች፣ የማርክ የመንገደኛ ባቡርና አምትራክ ይጠቀሙበታል። ሌላ ከተማ ብትኖሩም አሠራሩ ያው ነው።

ሎካሉን ማግኘት

በዋናው መስመር የሚያልፈው ረጅም ባቡር ከከተማ ከተማ የሚሄድ ነው፤ እናንተ ሰፈር አይቆምም። የምትፈልጉት ሠራተኞቹ «ሎካል» የሚሉትን፣ አንድ ወይም ሁለት ሎኮሞቲቭ ይዞ ጥቂት ፉርጎዎችን ለመጋዘንና ለፋብሪካ የሚያድለውን አጭር ባቡር ነው። ለሕዝብ የሚወጣ የጊዜ ሰሌዳ የለውም፤ ስለዚህ ፍለጋው የሚጀምረው ከካርታ ነው።

በስልካችሁ የሳተላይት ካርታ ዋናውን መስመር ተከትላችሁ ሂዱና ወደ መጋዘን የሚታጠፉ ቅርንጫፍ ሐዲዶችን ምልክት አድርጉ። ከዚያ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ የመኪና መንገድ ወደሚያቋርጥበት ቦታ ሄዳችሁ የሐዲዱን ራስ ተመልከቱ። የሚያብለጨልጭ ከሆነ ባቡር ይመጣበታል። ቡናማ ዝገት ከያዘ ግን ከቆመ ቆይቷል፤ በላዩ ላይ ጊዜ አታጥፉ። ቀጭን ዝገት ያለበትና መሐሉ ላይ የጎማ ያህል ቀጭን የሚያበራ መስመር የሚታይበት ሐዲድ በሳምንት አንድ ሁለቴ የሚሠራ ሊሆን ይችላል።

የት እንደምትቆሙ አስቀድማችሁ ወስኑ። ሐዲዱና ከጎኑ ያለው መሬት የኩባንያው የግል ንብረት ነው፤ መግባት በሕግ ያስቀጣል፣ ይገድላልም። የባቡር አካል ከሐዲዱ ውጭ በየጎኑ ቢያንስ 90 ሳንቲሜትር ይወጣል፤ ረጅም የጭነት ባቡር በሰዓት 90 ኪሎሜትር ሲሄድ ፍሬን ቢይዝ ለመቆም 1.6 ኪሎሜትርና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ከሐዲዱ 7.5 ሜትር ራቁ፣ ሁልጊዜም በሕዝብ መሬት ላይ ቁሙ፦ የእግረኛ መንገድ፣ ድልድይ፣ የጣቢያ መድረክ፣ ፓርክ። በሮክቪል የሜትሮ ቀይ መስመርና የጭነቱ ሐዲድ ጎን ለጎን ስለሆኑ ያለ መኪና መድረስ ይቻላል። የጌተርስበርግ አሮጌ ጣቢያ ሙዚየም ስላለበት ከልጆች ጋር ለመሄድ የተሻለ ነው። ፖይንት ኦቭ ሮክስ ደግሞ ከዋሽንግተንና ከባልቲሞር የሚመጡት ሁለት መስመሮች የሚገናኙበት ስለሆነ የባቡር ብዛት ለሚፈልግ ይመቻል። በቨርጂኒያ በኩል የኪንግ ስትሪት ሜትሮ አጠገብ ያለው የአሌክሳንድሪያ ጣቢያ አለ።

መኪና በሚያቋርጥበት ቦታ ሁሉ ሰማያዊ ትንሽ ሰሌዳ ታገኛላችሁ። በላዩ ላይ የአደጋ ጊዜ ስልክና የማቋረጫው መለያ፣ ማለትም ስድስት አሃዝና አንድ ፊደል፣ ተጽፏል። እንደደረሳችሁ ፎቶ አንሱት። መኪና ሐዲድ ላይ ቆሞ ካያችሁ መጀመሪያ የሚደወለው ወደዚያ ቁጥር ነው፤ ባቡሮቹን ማስቆም የሚችለው ያ ክፍል ነውና።

ሬዲዮውና ማስታወሻው

የባቡር ሬዲዮ የሚሠራው ከ160 እስከ 161.6 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ነው። በሜትሮፖሊታን መስመር ዋናው ቻናል 160.230 ነው። እንደ ዩኒደን ቢሲ125ኤቲ ያለ ተቀባይ ብቻ የሆነ መሣሪያ ይበቃል። መናገርም የሚችል ሬዲዮ ካላችሁ የመላኪያውን ቁልፍ ዝጉት፤ በዚህ ቻናል ላይ መናገር ወንጀል ነው፣ የሠራተኞቹንም ሕይወት አደጋ ላይ ይጥላል።

ብዙ የሚጠቅማችሁ ድምፅ የሰው አይደለም። በየመንገዱ የተተከሉ የጉድለት መፈተሻዎች ባቡሩ ካለፈ በኋላ በማሽን ድምፅ የመስመሩን ማይል፣ የሐዲዱን ቁጥር፣ ጉድለት መኖር አለመኖሩንና የአክስል (የጎማ ዘንግ) ብዛት ይናገራሉ። 248 አክስል ካለና ከፊት ባለ ስድስት አክስል ሁለት ሎኮሞቲቮች ካሉ፣ 12 ቀንሱ፤ የቀረውን 236 ለ4 ስታካፍሉ 59 ፉርጎ ይሆናል። ኮንቴይነር የሚጭኑ ተያያዥ ፉርጎዎች አክስል ስለሚጋሩ በእነሱ ላይ ይህ ስሌት አይሠራም። መፈተሻው ከእናንተ 10 ኪሎሜትር ርቆ ባቡሩ በሰዓት 72 ኪሎሜትር የሚሄድ ከሆነ ካሜራ ለማዘጋጀት 8 ደቂቃ አላችሁ ማለት ነው። የአክስሉ ቁጥር ትንሽ ከሆነ፣ ለምሳሌ 50 አካባቢ፣ ሎካሉ ሊሆን ስለሚችል ቦታችሁን አትልቀቁ።

ማስታወሻ ደብተር ያዙ። የሚጻፈው ሰዓቱ፣ አቅጣጫው፣ የሎኮሞቲቩ ቁጥርና በፉርጎው ጎን ላይ ያለው የባለቤት ምልክት ነው። ምልክቱ ከሁለት እስከ አራት ፊደል ነው፤ መጨረሻው ኤክስ ከሆነ የፉርጎው ባለቤት የባቡር ድርጅት ሳይሆን ሌላ ኩባንያ ነው። ጭነት መያዝ አለመያዙን ከስፕሪንጉ ታውቃላችሁ፦ የተጫነው ተጨቁኖ ጥምጥሙ ይቀራረባል፣ የባዶው ጥምጥም ክፍተት ያሳያል። በነዳጅና በኬሚካል ፉርጎዎች ላይ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አለ፤ 1075 የሚለው ፈሳሽ ጋዝ፣ 1203 ቤንዚን ነው። በሥራ ቀናት በተመሳሳይ ሰዓት ለሦስትና ለአራት ሳምንት ብትመዘግቡ የሎካሉ ልማድ መውጣት ይጀምራል፤ ሰኞና ረቡዕ ጠዋት ይመጣል፣ ዓርብ ባዶ ያነሳል እያለ።

ሲሠራ ምን ይታያል

ሎካሉ ሲደርስ ፎቶ ማንሳቱን ለአፍታ አቁሙና እንቅስቃሴውን ቁጠሩ። መልስ የሚሹት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦ ሎኮሞቲቩ ከፉርጎው በየትኛው በኩል ነው? ቅርንጫፉ የሚከፈተው ባቡሩ ወደሚሄድበት ነው ወይስ ወደመጣበት? ከፊት የሚከፈት ከሆነ ሎኮሞቲቩ ፉርጎውን ከኋላው ይዞ ሊገፋ አይችልም፤ መጀመሪያ ዞሮ ወደ ሌላው ጫፍ መሄድ አለበት። ብዙ ሎካሎች አንዳንዱን መጋዘን ሲሄዱ አልፈው ሲመለሱ ብቻ የሚያገለግሉት በዚህ ምክንያት ነው። ይህን አንድ ነገር በዓይኑ ያየ ሰው የሞዴል ሐዲድ ንድፍ ሲያይ የቱ እንደሚሠራና የቱ እንደማይሠራ ወዲያው ይገባዋል።

ሌላው መታየት ያለበት የሠራተኞቹ ዝግታ ነው። አንዱ መሬት ላይ ቆሞ በሬዲዮ ርቀት ይቆጥራል፦ አሥር ፉርጎ፣ አምስት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ፣ ግማሽ። ከተያያዘ በኋላ ጥቂት ወደ ኋላ ይስቡና መያዙን ያረጋግጣሉ፣ የአየር ቱቦ ያገናኛሉ፣ የእጅ ፍሬን ይፈታሉ። መጋዘኑ ሠራተኞች ፉርጎ ውስጥ ካሉት ሰማያዊ ምልክት ይተከላል፤ እሱ ሳይነሳ ማንም ፉርጎውን አይነካም። ወደ ማቋረጫ ሲቀርቡ ጥሩምባው ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር፣ አንድ ረጅም ነው። ወደ ኋላ ለመሄድ ሦስት አጭር። ይህን ሁሉ ቤት ውስጥ ትጠቀሙበታላችሁ።

ንድፉ፦ ሁለት መቀየሪያ፣ ሦስት ቅርንጫፍ

መጠኑን ኤችኦ፣ ማለትም 1:87 እንውሰድ። የሐዲዱ ስፋት 16.5 ሚሊሜትር ነው፤ በአሜሪካ ገበያ ዕቃው በብዛት የሚገኘውም በዚህ መጠን ነው። 1:160 የሆነው ኤን ቦታ ይቆጥባል፣ ነገር ግን ፉርጎ ማገናኘትና ማላቀቅ ለእጅ ይረቅቃል። ለዚህ ዓይነት ሥራ ኤችኦ ይሻላል።

ለመጀመሪያ ሥራ ከኢንግልኑክ የተሻለ ንድፍ የለም። የእንግሊዙ ሞዴል ሠሪ አለን ራይት ያወጣው ነው። ሎኮሞቲቩ ፉርጎ ስቦ የሚወጣበት አንድ መሳቢያ ሐዲድና ሦስት ቅርንጫፎች አሉት፣ የሚያገናኟቸውም ሁለት መቀየሪያዎች (ባቡሩን ከአንዱ ሐዲድ ወደ ሌላው የሚያዛውሩ ክፍሎች) ናቸው፤ ረጅሙ ቅርንጫፍ 5 ፉርጎ፣ ሁለቱ አጫጭሮች እያንዳንዳቸው 3 ፉርጎ ይይዛሉ፣ መሳቢያው ሎኮሞቲቩንና 3 ፉርጎ ብቻ። ቅርንጫፎቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚከፈቱ ሎኮሞቲቩ መዞር አያስፈልገውም። በላዩ ላይ 8 ፉርጎ ይቀመጣል፤ ከስምንቱ 5ቱን በዕጣ በወጣው ቅደም ተከተል ረጅሙ ሐዲድ ላይ መደርደር ነው ሥራው። የሚወጡት ልዩ ልዩ ባቡሮች 6,720 ናቸው።

ቁጥሮቹን አትቀይሩ። ባለ 50 ጫማ ፉርጎ በኤችኦ ከማያያዣ ማያያዣ 20 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፤ ጂፒ38-2 የሚባለው ባለ አራት አክስል ሎኮሞቲቭ 21 ይደርሳል። ስለዚህ መሳቢያው 21 ሲደመር 60፣ ከ4 ሳንቲሜትር ትርፍ ጋር 85 ይሆናል። 105 ካደረጋችሁት አራተኛ ፉርጎ ይገባና ጨዋታው ይፈርሳል። ሙሉ ስሌቱ ይህ ነው (ፔኮ የሐዲድ አምራች ነው፤ ኮድ 83 የሐዲዱን ቁመት፣ ቁጥር 5 የመቀየሪያውን መታጠፊያ ያመለክታል)፦

መሳቢያ 85
የፔኮ ኮድ 83 ቁጥር 5 መቀየሪያ 22
ሁለቱ ሐዲዶች እስኪራራቁ 18
አምስት ፉርጎ ከትንሽ ትርፍ ጋር 103
ድምር 228 ሳንቲሜትር

የኮምፔንሳቶ ሉህ 244 ሳንቲሜትር ስለሆነ ይበቃል። አጫጭሮቹ ቅርንጫፎች በሁለተኛው መቀየሪያ በኩል ሲሄዱ 209 ላይ ያልቃሉ። «እስኪራራቁ» ያልነው ቦታ ቸል ሊባል አይገባም፦ የሁለቱ ሐዲዶች መሐል ለመሐል ርቀት 5 ሳንቲሜትር ሳይሞላ ፉርጎ ቢቆም በጎረቤት ሐዲድ የሚያልፈው ይጋጨዋል። ነጥቡን ለኩና አግዳሚውን እንጨት ቢጫ ቀለም ቀቡት፤ ፉርጎ ከዚያ ወዲህ አይቆምም።

እያንዳንዱን ቅርንጫፍ ካያችሁት መጋዘን አንዱን ስጡት፤ አንዱ የጣውላ ማከፋፈያ፣ አንዱ የወረቀት መጋዘን። ረጅሙ ባቡሩ የሚቀመርበት ይሁን።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ባለ 12 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ 244 በ40፤ ከሥሩ ለጠርዝና ለማጠንከሪያ 2 በ7 ሳንቲሜትር ጣውላ፤ የመደርደሪያ ድጋፍ ብረት 4፤ ባለ 91 ሳንቲሜትር ተጣጣፊ ሐዲድ ኮድ 83፣ 5 (አራቱ ልክ ልኩን ስለሆነ አንዱ ለስህተት ነው)፤ የፔኮ መቀየሪያ ቁጥር 5፣ አንድ ቀኝ አንድ ግራ ወይም በንድፋችሁ መሠረት፤ የብረት ማገናኛ 1 ከረጢት፣ የፕላስቲክ ማገናኛ 1 ከረጢት፤ 3 ሚሊሜትር የቡሽ ንጣፍ፤ ቀይና ጥቁር ሽቦ ጌጅ 16 እያንዳንዱ 3 ሜትር፣ ጌጅ 22 እያንዳንዱ 2 ሜትር ተኩል፤ 40 ዋት መበየጃ ከሮዚን ሶልደር ጋር፤ የኤንኤምአርኤ (የአሜሪካ ሞዴል ባቡር ማኅበር) መለኪያ ሳህን፤ የኬዲ ቁጥር 205 የማያያዣ ቁመት መለኪያ። ፔኮን የመረጥነው ውስጡ ስፕሪንግ ስላለው ነው፤ በጣት ስትገፉት ባለበት ይቆያል፣ ሞተርም ዘንግም አይፈልግም።

ሰሌዳውና ሐዲዱ

ሰሌዳውን ከወለል 120 ሳንቲሜትር ገደማ ከፍ አድርጋችሁ ግድግዳ ላይ ስቀሉት። ብሎኖቹ በግድግዳው ውስጥ ያለውን እንጨት መያዝ አለባቸው፤ ጂፕሰሙን ብቻ የያዘ ብሎን ይነቀላል። ውሃ ልኩን በርዝመትም በወርድም አስቀምጡ። ጥሩ የብረት ጎማ ያለው ፉርጎ ለዓይን በማይታይ ተዳፋት ላይ ብቻውን ይንከባለላል፤ ይህ ከሆነ በኋላ ሙሉ ሥራውን ያበላሻል።

ቡሹን ዘርግታችሁ መቀየሪያዎቹን በደረቁ አስቀምጡ። ከእነሱ ጀምራችሁ ወደ ውጭ ነው የሚሠራው፤ ከቅርንጫፉ ጫፍ ጀምሮ ወደ መቀየሪያው የመጣ ሰው መጨረሻ ላይ ሐዲዱን እያጣመመ ያስገባል፣ በዚያ መገጣጠሚያ ላይም ፉርጎ ሲወጣ ይኖራል። ማጠፊያዎቹን ከ61 ሳንቲሜትር ራዲየስ በታች አታድርጉ። የተቆረጠ ሐዲድን ጫፍ በሞረድ ከላይም ከውስጥም አለስልሱ። ሐዲዱን በቀጭኑ በተቀባ አክሪሊክ ማሸጊያ ለጥፉ፤ ከመቀየሪያው ተንቀሳቃሽ ምላሶች ሥር ግን ምንም አታድርጉ። ማሸጊያው እስኪደርቅ መጻሕፍት ጫኑበት።

በመገጣጠሚያው ላይ ጥፍራችሁን አሂዱ። የሚይዘው ነገር ካለ አሁኑኑ አስተካክሉት፤ ጥፍር የያዘውን ጎማም ይይዘዋል።

ሽቦው

ሁለቱን ወፍራም ሽቦዎች ከሰሌዳው ሥር ከጫፍ ጫፍ ዘርጉ። ከመሳቢያው፣ ከሦስቱ ቅርንጫፎችና ከሁለቱ መቀየሪያዎች እያንዳንዳቸው ጥንድ ቀጭን ሽቦ ይወርዳል፤ 6 ጥንድ ማለት ነው። ኤሌክትሪክን በብረት ማገናኛ ብቻ ማስተላለፍ መጀመሪያ ላይ ይሠራል፤ ኋላ ግን ማገናኛው ይላላል፣ ኦክሳይድ ይይዛል፣ ሎኮሞቲቩም አንድ ቦታ እየደረሰ ይቆማል። ሽቦውን በሐዲዱ የውጭ ጎን በይዱ፤ በውስጥ በኩል የቀረ የሶልደር ጉብታ የጎማውን ጠርዝ ያነሳዋል። የአሲድ ፍላክስ ፈጽሞ አትጠቀሙ፣ ከጊዜ በኋላ ሽቦውን ይበላዋል። አግዳሚዎቹ እንዳይቀልጡ በሁለቱም ጎን እርጥብ ጨርቅ አድርጉና ፈጥናችሁ ጨርሱ።

ሁለት ሐዲዶች የሚቆራረጡበት የመቀየሪያው ማዕከል ብዙ ራስ ምታት የሚመጣበት ነው። በኤሌክትሮፍሮግ ዓይነት ማዕከሉ ሙሉ ብረት ስለሆነ ከእሱ በሚወጡት ሁለት የውስጥ ሐዲዶች ላይ የፕላስቲክ ማገናኛ ካልገባ ሾርት ይፈጠራል። በአዲሱ ዩኒፍሮግ ማዕከሉ የተለየ ትንሽ ብረት ነው፤ ሽቦው ካልተገናኘ ኤሌክትሪክ የለውም። ባለ አራት አክስል ሎኮሞቲቭ ብዙ ጊዜ ያልፈዋል፣ አጭር ሎኮሞቲቭ በዝግታ ሲሄድ ግን ይሞታል። ሽቦውን የኤሌክትሪኩን ምሰሶ (ፖላሪቲ) በሚቀይር ትንሽ ማብሪያ ወይም በራሱ በሚቀይር ሰሌዳ አገናኙት። እዚህ ላይ ጊዜ መውሰድ ያዋጣል፤ የዚህ ሞዴል ሥራ በሙሉ በዝግታ የሚካሄደው በእነዚህ ሁለት መቀየሪያዎች ላይ ነው።

ለመቆጣጠሪያ ዲሲሲ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ሎኮሞቲቭ በአድራሻው ዲጂታል ትእዛዝ የሚልክ ዘዴ፣ ይሻላል። ኤንሲኢ ፓወር ካብን የመሰለ የእጅ መቆጣጠሪያ ለአንድ ሎኮሞቲቭ ከበቂ በላይ ነው። ተገጥሞ ሲያልቅ በየ30 ሳንቲሜትሩ ሳንቲም ሁለቱ ሐዲዶች ላይ አስቀምጡ፤ መቆጣጠሪያው በእያንዳንዱ ቦታ ወዲያው መዝጋት አለበት። ያልዘጋበት ቦታ ካለ ሽቦው ደካማ ነው፤ በእውነተኛ ሾርት ጊዜ የፉርጎ ፕላስቲክ ሊያቀልጥ የሚችለው ያ ቦታ ነው።

ፉርጎዎቹን ማዘጋጀት

አዲስ ፉርጎ ከሳጥን ወጥቶ ወዲያው ሐዲድ ላይ አይቀመጥም። አራት ነገር ይፈተሻል።

ክብደት። የኤንኤምአርኤ ልክ 1 አውንስ ሲደመር ለእያንዳንዱ ኢንች ርዝመት ግማሽ አውንስ ነው። 7 ኢንች ፉርጎ 4.5 አውንስ፣ ማለትም 128 ግራም ይሆናል። ከዚህ ያነሰ ሲገፋ ይወጣል። ጎዶሎውን ውስጡ ወለል ላይ ብረት በመለጠፍ ሙሉ።

ጎማ። የፕላስቲኩን በብረት ቀይሩ፣ በመለኪያ ሳህኑ የሁለቱን ጎማዎች ርቀት ፈትሹ። መቀየሪያ ላይ የሚወጣ ፉርጎ ሲኖር ሰው መቀየሪያውን ይወቅሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የተጠጋጉ ጎማዎች ናቸው።

ማያያዣ። በኬዲ መለኪያ ቁመቱ እኩል መሆን አለበት። ከሥሩ የምትወርደው ጠማማ ሽቦ ከሐዲዱ ራስ 0.8 ሚሊሜትር ገደማ ከፍ ትበል። ዝቅ ካለች መቀየሪያ ውስጥ ትሰካለች፤ በፒንሳ ቀስ ብላችሁ አንሷት።

የእግሮቹ (ጎማዎቹን የያዙት ሁለቱ የሚዞሩ ክፍሎች) ብሎን። አንደኛውን እግር በካቻቢቴ ጠበቅ አድርጉ፣ ወደ ግራና ቀኝ ብቻ ይዙር፤ ሌላውን ሩብ ዙር አላሉት፣ ይወዛወዝም። ሁለቱም ከጠበቁ ፉርጎው ሐዲዱን መከተል ያቅተዋል፤ ሁለቱም ከላሉ ያዘነብላል።

ሎኮሞቲቩን ማዘግየት

ፋብሪካው የሰጠው አድራሻ 3 ነው፤ ወደ ሎኮሞቲቩ ቁጥር ቀይሩት። ከዚያ ሲቪ 2ን (ሲቪ በሎኮሞቲቩ ውስጥ ያለው ሰሌዳ የሚይዘው ማስተካከያ ቁጥር ነው) ከዜሮ ጀምራችሁ በአንድ በአንድ ጨምሩ፣ በመጀመሪያው የፍጥነት ደረጃ ጎማው መዞር እስኪጀምር። ሲቪ 3ንና ሲቪ 4ን ከ20 አካባቢ ጀምሩ፤ እነዚህ ሲጨምሩ ሎኮሞቲቩ ክብደት እንዳለው ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ቀስ ብሎ ይቆማል።

እውነተኛ ፉርጎዎች የሚገናኙት በሰዓት ከ4 ማይል በማይበልጥ ፍጥነት ነው። በ1:87 ይህ በሰከንድ 2 ሳንቲሜትር ነው፤ አንድ ፉርጎ በአንድ ነጥብ ለማለፍ 10 ሰከንድ ይፈጅበታል። ቅርንጫፍ ውስጥ የሚሄዱበት 10 ማይል ደግሞ በሰከንድ 5 ሳንቲሜትር፣ ማለትም ሜትሩን በ20 ሰከንድ። በስልክ ሰዓት ለኩና የመቆጣጠሪያው ደረጃ የትኛው እንደሆነ በወረቀት ለጥፉ። መጀመሪያ ከልክ በላይ የዘገየ ይመስላችኋል፤ ሐዲድ ዳር ያያችሁትን አስታውሱ።

ጠጠርና አቧራ

ጠጠር ከማፍሰሳችሁ በፊት ቢያንስ ጥቂት ጊዜ ተጫወቱበት፤ የሽቦ ወይም የመገጣጠሚያ ችግር ካለ ሳይለጠፍ ይታያል። ጠጠሩ ደቃቅ ይሁን፤ የመጋዘን ሐዲድ ከዋናው መስመር ይልቅ አፈርና ሣር የበዛበት ስለሆነ ቡናማ አፈር ቀላቅሉበት። በብሩሽ ከአግዳሚዎቹ ላይ አውርዱ። ከዚያ 70 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል እስኪርስ እርጩ፣ ቀጥሎ 1 እጅ ነጭ የእንጨት ኮላ በ3 እጅ ውሃ በጥብጣችሁ ጥቂት ጠብታ የዕቃ ሳሙና ጨምራችሁ በጠብታ አፍስሱ። አልኮሉን የዘለለ ሰው ኮላው እንደ ኳስ ተሰብስቦ ጠጠሩን ሲቆፍረው ያያል። በመቀየሪያው ምላሶች አካባቢ ጠጠር በጣም ጥቂት፣ ኮላ በጣት ጫፍ ብቻ፤ እስኪደርቅ በየጊዜው ምላሱን አንቀሳቅሱ። 24 ሰዓት ይደር።

የሐዲዱን ራስ በአይሶፕሮፒል በረጠበ ጨርቅ ጥረጉ። የብርጭቆ ወረቀት ጭረት ይተዋል፣ ጭረቱም ቆሻሻ ይይዛል። የብረት ሱፍ ደግሞ ከዚያ ይከፋል፤ ብናኙ የሎኮሞቲቩ ሞተር ማግኔት ውስጥ ይገባል።

ሥራው ሲጀመር

ለ8ቱ ፉርጎዎች 8 ካርድ ሥሩ፤ በእያንዳንዱ ላይ የባለቤት ምልክቱ፣ ቁጥሩና ጭነቱ ይጻፍ። ከደብተራችሁ የወሰዳችሁትን ምልክት ተጠቀሙ። 5 ፉርጎ በረጅሙ፣ 3 በአንዱ አጭር ላይ አቁሙና ሌላውን ባዶ ተዉት። ካርዶቹን በውዙ፣ 5 አውጡ፤ በወጡበት ቅደም ተከተል ባቡሩ ይቀመር። ፉርጎ በእጅ ማንሳት የለም፤ ማላቀቂያው ቀጭን የቀርከሃ ስንጥር ነው፣ በሁለቱ ማያያዣዎች መሐል ገብቶ ሩብ ዙር ይዞራል።

የእውነተኛውን ሠራተኛ ሕግ ጨምሩበት። ከፉርጎው 20 ሳንቲሜትር ሲቀር ሙሉ በሙሉ ቁሙ፣ ከዚያ ተጠጉ። ከተያያዘ በኋላ ጥቂት ወደ ኋላ ሳቡ። ለአየር ቱቦውና ለእጅ ፍሬኑ ለእያንዳንዱ ፉርጎ 20 ሰከንድ ጠብቁ። ወደ ኋላ ከመሄዳችሁ በፊት ሦስት አጭር ጥሩምባ። ሁለት ሰው ካለ አንዱ ይንዳ፣ ሌላው ቆሞ በፉርጎ ርቀት ይቁጠርለት፤ ነጂው ዓይኑን ሐዲዱ ላይ ሳይሆን መቆጣጠሪያው ላይ ያድርግ። ከልጅ ጋር የሚሠራ ቆጣሪነቱን ለልጁ ይስጥ፣ ከሁለቱ የበለጠ ኃላፊነት ያለበት እሱ ነውና።

የለገሃሩን መስመር ለሚመርጥ

ተመሳሳዩ ንድፍ ለአገር ቤትም ይሆናል። በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የገባው፣ 784 ኪሎሜትር የነበረው የጅቡቲ መስመር ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር። 1,000 ሚሊሜትር ለ87 ሲካፈል 11.5 ስለሆነ የሚያስፈልገው ኤችኦኤም የሚባለው ባለ 12 ሚሊሜትር ሐዲድ ነው፤ ፔኮ፣ ቲሊግና ቤሞ ይሠሩታል። በሱቅ የሚገኘው ባቡር አብዛኛው የስዊዘርላንድ ስለሆነ ፉርጎዎቹን ከድሮ ፎቶግራፎች እየለካችሁ በፕላስቲክ ሉህ በራሳችሁ መሥራት ይጠበቅባችኋል። አዲሱ የኢትዮጵያ ጅቡቲ መስመር ግን 1,435 ሚሊሜትር ስለሆነ መደበኛው 16.5 ልኩ ነው፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ስለሆነ በላዩ ላይ ምሰሶና ሽቦ ይጨመራል። የሞጆን ደረቅ ወደብ ለመሥራት ሕንፃ እንኳ ብዙ አይፈልግም፦ ኮንቴይነር የሚጭን ጠፍጣፋ ፉርጎ፣ በ1:87 ርዝመቱ 14 ሳንቲሜትር የሆነ ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር፣ ሰፊ ሲሚንቶ ወለልና ማንሻ ማሽን ይበቃል። የፉርጎው ርዝመት ሲቀየር የቅርንጫፎቹንም ልክ ቀይሩ፤ ረጅሙን ፉርጎ ከማያያዣ ማያያዣ ለኩ፣ በ5ና በ3 አባዙ፣ ለመሳቢያው የሎኮሞቲቩን ርዝመትና 4 ሳንቲሜትር ጨምሩ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ሰሌዳውን ቁረጡ።